የትንንሾቹ ሰዎች ዳኛ

የሠርጋችን ቀን ሰው ሁሉ ሙሽራዋ እንዴት አምራለች እያለ ሲያሞግሰኝ፣ ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "የግራ ቅንድብሽን ማነው የኳለሽ? ከቀኙ ትንሽ ከፍ ብሏል" አለኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ሳምንቱን በኩርፊያ ትጨርሰው ነበር። እኔ ግን ሳቄ አምልጦኝ አፌን በእጄ ሸፍኜ የተነሳሁት ፎቶ እስከ ዛሬ አለ። ምን ይደረግ፣ ቅንድቡ እውነትም ከፍ ብሎ ነበር።

ባለቤቴ ዳኛ ነው ስል የማያውቁን ሰዎች ወዲያው ቁጭ ብድግ ማለት ይጀምራሉ። ፍርድ ቤት እየመሰላቸው ነው። እሱ የሚዳኛቸው ሰዎች ግን ቁመታቸው ስንዝር አይሞላም። ከከተማው ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ፋብሪካ ውስጥ ከፕላስቲክ የሚሠሩ ናቸው። አንገታቸው ይዞራል፣ ክርናቸው ይታጠፋል፣ ቢፈልጉ ይንበረከካሉ። ወታደር አለ፣ ዋናተኛ አለ፣ ካባ ለብሶ የሚበር አለ፣ ጅራት ያለውም አይጠፋም። ልጆች አይገዟቸውም፤ ልጅ እጅ ቢገቡ በአንድ ቀን ራስ የሚተርፈው አይኖርም። ገዢዎቻቸው በመስታወት ሳጥን ውስጥ አቁመው፣ አቧራቸውን በለስላሳ ብሩሽ እየጠረጉ፣ ሚስቶቻቸውን "እንዳትነኪ" የሚሉ ጎልማሶች ናቸው። እኛ ሠራተኞቹ አሻንጉሊት ብለን ጠርተናቸው አናውቅም። ትንንሾቹ ሰዎች ነው የምንላቸው።

እነዚህ ሰዎች ወደ እኔ ሲመጡ ዓይን አልነበራቸውም። እኔ የቀለም ክፍሉ ዓይን ቀቢ ነበርኩ። አንዷ ፀጉሩን፣ ሌላዋ ልብሱን፣ ሌላዋ ጫማውን ቀብተው ሲጨርሱ፣ ፊታቸው ባዶ እንደሆነ በትሪ ተደርድረው ፊቴ ይቀመጣሉ። ከሰዓት በኋላ ማራገቢያው ሲያንጎራጉር፣ የቲነሩ ሽታ ራስ ሲያቀል፣ በመስኮት የገባው ብርሃን ቀስ እያለ ከትሪ ወደ ትሪ ሲሻገር፣ ግማሽ ተኝቼ ግማሽ ነቅቼ እሠራ ነበር። አንድ ነጥብ ነጭ፣ አንድ ነጥብ ጥቁር፣ ከዚያ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቅንድብ። ያን ጊዜ ሰውየው ይነቃና ያየኛል። "እንደምን አደርክ" እለዋለሁ። በልቤ አይደለም፣ ድምፄን አውጥቼ ነው። የክፍሉ ሴቶች መጀመሪያ ይሳሳቁብኝ ነበር፤ ኋላ እነሱም ጀመሩት።

ከእኔ ወደ እሱ ይሄዳሉ። ጠረጴዛው በመጨረሻው መስኮት ስር ነው። መጀመሪያ ቅርጹን ያያል፤ ያያል ስል በዓይኑ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ነው። ቀለም ዓይንን ያታልላል፣ ጣትን ግን አያታልልም ባይ ነው። አፍንጫውን፣ የአገጩን ስር፣ የልብሱን እጥፋት፣ ከሻጋታው የቀረውን ስስ መስመር ሳይቀር እየዳሰሰ ያልፋል። ቀጥሎ መገጣጠሚያው ነው። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይሰበራልና ሰውየውን መዳፉ ውስጥ ከቶ ያሞቀዋል። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ የት እንደሚሄድ አላውቅም፤ ዓይኑ ተገልጦ ሳለ የለም። ተመልሶ ሲመጣ አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ክርኑን፣ ጉልበቱን በየተራ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ያንቀሳቅሳል። ጥሩ ክንድ ባነሱት ቦታ ይቆያል፤ መጥፎው ወይ ይወድቃል ወይ ይጮኻል። ቀለሙን ለመጨረሻ ያስቀረዋል፤ እሱንም በመስኮት ብርሃን እንጂ በአምፑል አያይም። ከዚያ ለሦስቱም ከአስር ቁጥር ይሰጣል። ድምፁ ከፍም ዝቅም አይልም።

የተዋወቅነው ሥራዬን መልሶብኝ ነው። አንድ ቀን ከእኔ የወጣ ወታደር ይዞ ወደ ቀለም ክፍሉ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አቆመው።

"ይሄ ሰውዬ ምን አይቶ ነው እንዲህ ያፈጠጠው?" አለኝ።

"አንተን ነዋ" አልኩት።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱ አልሳቀም። ወታደሩን ጎንበስ ብሎ አየና፣ "እኔን ቢያይ ኖሮ ወደ ቀኝ ያይ ነበር" ብሎ ሄደ። ያን ቀን ማታ ስረግመው አመሸሁ። በማግስቱ ግን ዓይኑን ከመሥራቴ በፊት ወታደሩ ምን እንደሚያይ ማሰብ ጀመርኩ። እንዲህ እንዲህ እያልን ስንቀራረብ፣ አንዴ ለአንዲት አሳ አጥማጅ ዓይን ዘጠኝ ሰጠኝ። ከሱ አፍ ዘጠኝ ሲወጣ የሰማ ሰው ስላልነበረ ወሬው ፋብሪካውን አዳረሰ። ብዙም ሳይቆይ ላግባሽ አለኝ። የክፍሉ ሴቶች ዘጠኙ ለዓይኗ ነው ወይስ ለዓይንሽ እያሉ ሲያሾፉብኝ ከረሙ።

ይህን ጠባይ ያወረሱት አባቱ ናቸው። የገበያ ሚዛን አስተካካይ ነበሩ። ነጋዴው ሁሉ ሲያያቸው ፈገግ ይላል፣ ሲሄዱ ይራገማል። እሱም በዚያ ቤት አድጎ የሰው ሚዛን ሆነ። ቤታችን ውስጥ ቁጥር ያልተሰጠው ነገር የለም። የመጋረጃው ጨርቅ ስድስት፣ የጎረቤታችን የበር ቀለም ሦስት፣ የእኔ ሾርባ እንደ ቀኑ ከአምስት እስከ ሰባት። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ነው የምላት፣ አንድ ጊዜ ፀጉሯን አሠርታ መጥታ ጠየቀችውና፣ "ከፊት ሰባት፣ ከኋላ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው" አላት። ሁለት ወር ቤታችንን አልረገጠችም። አስር ግን ለማንም አይሰጥም። "አስር ከሰጠሁ ሥራው አልቋል ማለት ነው፤ ሠሪውም ዕቃውን ሰብስቦ ይሂድ" ይላል።

ፋብሪካው የሚያቀልጣቸውን ጉድለተኞች ባለቤቴ ፈቃድ እየጠየቀ ወደ ቤት ያመጣቸው ነበር። ከአልጋችን ፊት ለፊት ባለው መደርደሪያ ላይ ቆመዋል። ጉልበቱ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ወታደር፣ አንድ ጆሮ የቀረው ዘፋኝ፣ ጅራቱ በደረቱ የበቀለ አውሬ። ለምን ታመጣቸዋለህ ብዬ ብጠይቀው፣ "ቁጥራቸው ቢያንስም ሰዎች ናቸው" አለኝ። እውነትን እንዲህ በጥፊ የሚናገር ሰው ልቡ እንዲህ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ስለዚህም አልፈራውም ነበር።

አንድ ጠዋት የአንዲት ዋናተኛ ዓይን ላይ ሳለሁ ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ብሩሹን አያለሁ፣ እጄን አያለሁ፣ ሁለቱ ግን ተዋውቀው የማያውቁ ሆኑ። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። ቀኝ እጄና ቀኝ እግሬ ሰነፉ፣ አፌ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ቁጣዬን ግን ምንም አልነካውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በቅጡ ልነግራችሁ አልችልም፤ ቀኑ ከቀኑ ተደባልቆብኛል። ጠዋት ብርሃኑ በመጋረጃው ጥግ ሾልኮ ይገባና መደርደሪያውን ከዳር ይይዛል። መጀመሪያ ወታደሩ ላይ ያርፋል፣ ቀጥሎ ዘፋኙ ላይ፣ እያለ እያለ ወደ ማታ አውሬው ጋ ሲደርስ ይደክመዋል። እኔም አብሬው ይደክመኛል። እንቅልፍ ይሁን ንቃት ሳይለይልኝ ሳያቸው እውላለሁ። አንዳንዴ ስነቃ ቦታ የተቀያየሩ ይመስለኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቀኝ እጃቸውን አንስተው አየኋቸው። አላስፈሩኝም። እጅ እንዴት እንደሚነሳ ሊያሳዩኝ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እኔም እንደነሱ ለማንሳት ሞከርኩ፤ እጄ ግን ሰው ረስቶት እንደሄደ ዕቃ አልጋው ላይ ተጋድሞ ቀረ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

እትዬ ልታስታምመኝ መጥታ እኛ ጋ ከረመች። ባለቤቴ ጠዋት ሥራ ይሄዳል፣ ማታ መጥቶ እግሬን ያሻል፣ ክንዴን ልክ እንደ ትንንሾቹ ሰዎች ክንድ መጀመሪያ በመዳፉ አሙቆ ከዚያ ቀስ አድርጎ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። እሱ ሲያደርገው አያምም ነበር። አፌ እየተቃና፣ እግሬም በከዘራ እየተንቀሳቀሰ መጣ። እጄ ብቻ እምቢ አለ።

አንድ ቀን ተነስቼ ምድጃው ጋ ቆሜ በግራ እጄ ሾርባ ሠራሁ። ሾርባ አልኩት እንጂ ባሕር ነበር፤ ጨው ሁለቴ ጨምሬ ኖሯል። እትዬ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። ባለቤቴ ቀና ሳይል ሳህኑን ጥርግ አድርጎ ጨረሰና፣ "አስር" አለ።

እትዬ ሳቀች። እኔ ክው አልኩ።

ከዚያ በኋላ አስሩ እንደ ዝናብ ወረደብኝ። ከአልጋ እስከ መስኮት በከዘራ ስሄድ አስር። ያለ ቦታው የቆለፍኩት የሹራብ ቁልፍ አስር። ግማሽ ፀጉሬን አበጥሬ ግማሹን ስተወው እሱም አስር። እህቴ ባልሽ መልአክ ሆነ ትለኛለች፣ እኔ ግን ልቤ በየቀኑ ይቆረጣል። ተናደድኩ ማለት ይቀለኛል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼ ነበር። ያ ሰው እንዲህ የሚያሞግሰው ምን ዓይነት ሰው ቢሆን ነው? ተስፋ የተቆረጠበት ሰው ነው። የዋሸኝ ለእኔ ብሎ መሆኑን አውቃለሁ፤ ማወቄም ይብሱን አመመኝ።

"ለምንድነው የምትዋሸኝ?" አልኩት አንድ ማታ።

"መቼ ዋሸሁሽ?" አለኝ ወለሉን እያየ።

"የዚያን ቀን ሾርባው ስንት ነበር?"

"አስር ነው አልኩሽ እኮ።"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አልኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ለእትዬ ባወራት፣ "አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል?" አለችኝ። "ድሮ አያሞግሰኝም ብለሽ ታለቅሺ ነበር፣ ዛሬ አሞገሰኝ ብለሽ ታለቅሻለሽ። ሰውየው በምን ይያዝልሽ?"

"ድሮ የሚያወጣውና የሚያወርደው እኔን ነበር፣ እትዬ። አሁን የሚያሞግሰው በሽታዬን ነው።"

"ታዲያ ምን ላድርግልሽ?" አለች። ምን እንደምታደርግልኝ ነገርኳት።

ትንንሾቹን ሰዎች የሚሰበስቡ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ፀጉር አስተካካይ ቤት ይገናኛሉ። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ዋነኛው ሰብሳቢ ነው፤ ያን ቀን ደንበኛ አይቀበልም። ሁሉም ራሱ የቀባውን ወይም ያሻሻለውን ሰው ያመጣና በመስታወቶቹ ፊት ያቆማል፤ የሚዳኘው ባለቤቴ ነው። ደንባቸው ጥብቅ ነው። የማን እንደሆነ አይነገርም፤ ባለቤቴ የመጨረሻውን ቁጥር እስኪሰጥ ድረስ ደግሞ ሠሪው ትንፍሽ አይልም፣ የተናገረ ሰውየውን ይዞ ይወጣል። እኔ የቀባኋት አንዲት ሰው እዚያ ብትገባ የእኔ መሆኗ አይታወቅም። ያን ጊዜ እውነተኛ ቁጥሬን ከአፉ እሰማለሁ ብዬ ቆረጥኩ። አንድም ቢሆን ሁለትም ቢሆን የእኔ ይሆናል።

እትዬ ፋብሪካ ሄዳ ከድሮ ጓደኞቼ ያልተቀባች ሴት ለምና አመጣችልኝ። ረጅም ካፖርት የለበሰች መንገደኛ ነበረች። ባለቤቴ ሥራ ሲሄድ ጠረጴዛውን መስኮት ስር እናደርጋለን፣ እትዬ መንገደኛዋን በሰም ታቆምልኛለች፣ እኔ ብሩሹን በግራ እጄ እይዛለሁ። ግራ እጄ በዕድሜው ትሪ ከመያዝና ጓደኛው ሲሠራ ቆሞ ከማየት በቀር ሌላ ነገር አልሠራም። ቆሞ ማየት ደግሞ ምንም አያስተምርም፤ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ቀብቼ አጠፋለሁ፣ አጥፍቼ እቀባለሁ። ሲደክመኝ ወንበሩ ላይ አንቀላፋለሁ። ስነቃ ካፖርቷ እስከ ወገቧ ቡናማ ሆኖ፣ ፊቷ ግን ገና ባዶ፣ ከየት እንደመጣች የጠፋባት መንገደኛ ሆና ፊቴ ቆማ አገኛታለሁ። "አይዞሽ፣ እኔም ጠፍቶብኛል" እላታለሁ። የዚያን ሰሞን ከሰዓት በኋላዎች ረጅም ነበሩ፤ ብርሃኑም የሚቸኩልበት ጉዳይ ያለው አይመስልም ነበር።

ካፖርቱ አለቀ። በክርኗና በትከሻዋ ክፍተት ቀለም እንዳይገባ እስትንፋሴን ይዤ ሠራሁ። አንድ ቀን እጄ ረጋ ሲልልኝ ዓይኗን ያዝኩ። ሁለቱንም ጨርሼ ብሩሹን ሳነሳ አንድ ነገር እንደተበላሸ ልቤ ነገረኝ። ምን እንደሆነ ግን አላገኘሁትም። እትዬ፣ "እጠቢውና ድገሚው" አለችኝ። "አይሆንም፤ ያለሁበትን ይዳኝ" አልኳት።

ቅዳሜ ደረሰ። እትዬ መንገደኛዋን በቦርሳዋ ይዛ ቀድማ ሄደችና ለፀጉር አስተካካዩ በምስጢር ሰጠችው። ባለቤቴ ከቤት ልውጣ ማለቴ ራሱ አስደስቶት ክንዴን ይዞ ወሰደኝና ከሚሽከረከሩት ወንበሮች አንዱ ላይ አስቀመጠኝ። ፊቴ ያለው መስታወት፣ ጀርባዬ ያለው መስታወት፤ ትንንሾቹ ሰዎች በመስታወቶቹ ውስጥ ማለቂያ የሌለው ሰልፍ ሠርተው ነበር። የእኔዋም መንገደኛ እዚያ መሀል ቆማ ሩቅ እስኪጠፋ ድረስ ተደርድራለች። ዛሬ አስር ካላት፣ የእኔ ነገር እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ አስባለሁ። ከእንግዲህ እስክሞት የሚያባብሉኝ ሴትዮ ነኝ ማለት ነው።

መጀመሪያ ያነሳው አንድ አውቶቡስ ነጂ የሠራውን ካባ ለባሽ ነበር። አንገቱን ጆሮው ጋ አድርጎ ሊያዞር ታገለ። "ይሄ ሰውዬ ጎረቤቱን ሰላም ማለት አይችልም" አለ። "መገጣጠሚያ ሦስት።" አውቶቡስ ነጂው በደንቡ መሠረት አፉን ይዞ ተቀመጠ፤ ፊቱ ግን ሁሉን ተናገረ። ሌሎችም እንዲሁ አለፉ። ከዚያ እጁ የእኔዋን አነሳ።

ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። "የፋብሪካችን ልጅ ናት። ቅርጽ ሰባት" አለ። መዳፉ ውስጥ ከቷት ሄደ፣ ቆይቶ ተመለሰ። ክንዷን ወደ ጆሮው አስጠግቶ አነሳው፣ አወረደው። "ክርኗ ውስጥ ጠብታ ቀለም የለም። የቀባት ሰው መንገድ እንደምትሄድ አስቦላታል። መገጣጠሚያ ስምንት።" ከዚያ ወደ መስኮቱ ይዟት ሄደ።

ብዙ ቆየ። በመስታወቱ ውስጥ ጀርባውን ብቻ ነበር የማየው።

"ዓይኖቿ አልተስማሙም" አለ በመጨረሻ። "አንደኛው በር ያያል፣ አንደኛው ጣራ። ግን ይሄ ሥራ ካለማወቅ የመጣ አይደለም።" ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር። "ቀቢው ወደ ግራ ካለው ዓይን ጀምሯል። በቀኝ ለሚሠራ ሰው ልክ ነው፤ ሁለተኛውን ሲሠራ የመጀመሪያውን እያየ ያመሳስለዋል። ይሄ ሰው ግን ብሩሹን የያዘው በግራ እጁ ነው፤ ጭረቱ ያስታውቃል። ሁለተኛው ዓይን ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን በገዛ እጁ ጋርዶታል። ግራኝ ሰው እንዲህ ብሎ አይሳሳትም፤ ከዚያኛው ዓይን ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ይሄ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በቀኝ ሲሠራ ኖሮ አሁን…"

ቃሉ ተቆረጠ። ወደ እኔ አልዞረም። አንድ በአንድ ሁሉም ገባቸው፤ ዓይናቸው በመስታወቱ በኩል እጄ ላይ ሲያርፍ አየሁ። እኔም ልቤ የነገረኝ ምን እንደነበር አሁን ገባኝ። ይህን ያህል ዓመት ዓይን ስሠራ ኖሬ፣ እጄ ሲቀየር መነሻዬን መቀየር ረስቻለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ ደግ ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ፣ "እንግዲህ እህታችን ናት፤ አስር እንበላትና ደስ ይበላት" አለ።

"ይገባታል" አለ አውቶቡስ ነጂው።

እትዬ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሁሉም ተስማሙ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ደንቡ መንገደኛዬን ያስወጣብኛልና አፌን ያዝኩ። በሆዴ ግን፣ ተው፣ እባክህ ተው፣ እያልኩ ነበር። ባለቤቴ መንገደኛዋን ይዞ እንደቆመ ነው። አውራ ጣቱ ካፖርቷ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል።

"ቀለም…" አለ፤ ድምፁ ተሰብሮ ቀረ። እንደገና ሞከረ። "ቀለም አራት።"

እትዬ ብድግ አለችና፣ "አንተስ ልብ የለህም" አለችው። እኔ እንባዬ ወረደ። የከፋኝ መስሏቸው ውሃ የሚያመጣልኝ፣ መሐረብ የሚያቀብለኝ በዛ። ከታመምኩ ጀምሮ እንደዚያ ቅጽበት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ባሌ ተመለሰልኝ፤ እኔም ከሄድኩበት ተመለስኩ። ደስታው ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ እስክጠጣ ድረስ ብቻ ነው የቆየው። ከዚያ አራት የሚለው ቃል በሚገባ ገባኝ።

መንገድ ላይ ስንወጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የደከመ ክንዴን በክንዱ ይዞ ቀስ እያልን እንሄዳለን።

"አራት?" አልኩት።

"አራት።"

"ካፖርቱን አላየኸውም?"

"አይቼዋለሁ። ካፖርቱ ባይኖር ሁለት ነበር።"

"ጠርዙ ላይ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። በግራ እጅ እኮ ነው የሠራሁት።"

"በየትኛው እጅ ተሠራ ተብሎ አይዳኝም። ሰው ሲያይሽ መጀመሪያ የሚያየው ዓይንሽን ነው፤ እሷ ደግሞ የምታየውን አታውቅም።"

"አምስት ይገባታል።"

"አራት ነው።"

ድምፃችን ከፍ ብሎ ኖሮ አላፊ አግዳሚው ዞር ዞር እያለ ያየናል። እትዬ የማታውቀን መስላ ወደ ፊት ቀድማናለች። እኔ ስለ ካፖርቱ እጥፋት እያስረዳሁት ቀና ብዬ ሳየው እንባው በጉንጩ ይወርዳል፤ ሆኖም ክርክሩን አላቆመም፤ እያለቀሰም አራት ነው ይለኛል።

"ለቅሶውን ተወውና መልስልኝ" አልኩት። "ቅንድቡስ?"

"ቅንድቡ ጥሩ ነው" አለ በእጅጌው እየጠረገ። "ግን ቅንድብ ብቻውን አምስት አያደርስም።"

እንዲህ እየተጨቃጨቅን በራችን ደረስን። ቁልፉን በየኪሱ ሲፈልግ ቆየ። አግኝቶት ሳይከፍት ወደ እኔ ዞረ።

"ነገ ዓይኗን እጠቢውና ከዚያኛው ጀምሪ" አለኝ።

ከታመምኩ ጀምሮ ነገ ይሻልሻል የማይለኝ ሰው አልነበረም። ነገ ይህን ሥሪ ያለኝ ግን አልነበረም።

"አምስት ካላልከኝ ብሩሽ አልነካም" አልኩት።

"እንግዲያው ይቅርብሽ" አለና በሩን ከፈተ።

በማግስቱ እሱ ገና ሳይነሳ፣ አሮጌዎቹን ዓይኖች በቲነር አጥፍቼ፣ ወደ ቀኝ ያለውን ዓይን ጀምሬ ነበር።